እናቱ የማትጠራው ስም

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ በክፍላችን አራት ሰይድ አህመድ ነበሩ። መምህሩ ስም በጠራ ቁጥር አራቱም «አቤት» እያሉ ሲያስቸግሩት መጨረሻ ላይ ቁጥር ሰጣቸው። ሰይድ አንድ፣ ሰይድ ሁለት፣ ሰይድ ሦስት፣ ሰይድ አራት። ሰይድ ሦስት ዛሬ ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ እስካሁን ሰው ሁሉ «ሦስቴ» ነው የሚለው። እኔ ያን ጊዜ በልቤ ማልኩ። በእኛ ቤት የሚወለድ ልጅ በቁጥር አይጠራም አልኩ።

ይህን የምነግራችሁ ያደረግኩትን ለማሳመር አይደለም። ነገሩ ከየት እንደጀመረ እንድታውቁት ብቻ ነው።

የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬ ስል እግሬም አፌም አልተቀመጡም። ጠዋት አንዷ ጓደኛዬ ጋ፣ ከሰዓት ሌላዋ ጋ፣ ማታ ከእናቴ ጋር ክርክር። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ በቅሏል እንዴ?» ትለኝ ነበር። ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። የማውቀው ደግሞ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ነው።

ወንድሜ ጀማል ሳውዲ ነው የሚሠራው። ለሠርጉ መጥቶ አራት ወር ቆይቶ ሲመለስ ሚስቱ ከድጃ ከእኛ ጋር ቀረች። ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ አንድ ዓመት ብቻ የምትበልጥ ልጅ ናት። ስትናገር ኦሮምኛው ይቀድማል፣ አማርኛው ይከተላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አትናገርም። ፈገግ ብላ ሥራዋን ትሠራለች።

አባቴ አብዱ ነው የሚባለው። በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም፤ ነውር ነው። ከተማው ውስጥ ብዙዎቹ ትተውታል። ከድጃ ግን አጥብቀው ካስያዟት ቤት ነው የመጣችው። ስሙን ብቻ ሳይሆን በስሙ የሚጀምረውን ሁሉ አትጠራም። ሰፈራችን ውስጥ አብዱ የሚባል ባለሱቅ አለ፤ እሷ «ባለሚዛኑ» ነው የምትለው። የጎረቤታችንን ልጅ አብዱረህማንን «ያ ቀዩ ልጅ» ትለዋለች። እኔንም በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ሰዓዳ ነው ስሜ። በገባች በሳምንቷ «እታለም» አለችኝ፣ እታለም ሆኜ ቀረሁ።

እኔ በዚህ እስቅ ነበር። «ባለሚዛኑ ዛሬ ሱቅ ከፍቷል ወይስ ሚዛኑ ጠፋበት?» እያልኩ አበሽቃታለሁ። እሷ በሻርፗ አፏን ሸፍና ትስቃለች። የምታፍር እንጂ የምትጎዳ አልመሰለኝም ነበር።

ልጁ ሲወለድ አባቴ በቀኝ ጆሮው አዛን አለለት። በዚያው ቀን ጀማል ደወለ፤ እያለቀሰም እየሳቀም ነበር።

«ሰዓዳ፣ ስሙን አንቺ ነሽ የምትፈልጊለት። የተማርሽው አንቺ ነሽ። ግን ለየት ያለ ይሁን፣ ሰው አንዴ ሰምቶ የማይረሳው!»

ይህን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው፤ ስድስት ቀን ነበረኝ። ደብተር አወጣሁ። ስልኬን እያየሁ ሦስት ገጽ ሙሉ ስም ጻፍኩ። ጎረቤት ያለውን ሰረዝኩ። ትምህርት ቤት የማውቀውን ሰረዝኩ። አጫጭሩን ሁሉ ሰረዝኩ፤ አጭር ስም ለምንም አይበቃም የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ቀረ።

«አብዱልሙቅተዲር» አልኩ ግቢ ውስጥ ቆሜ።

እናቴ ምስር ስትለቅም ነበር። ቀና አለች። «ማን?»

«አብዱልሙቅተዲር! የሁሉን ቻዩ ባሪያ ማለት ነው። ከሚሴ ውስጥ አንድም የለም። ጠይቄያለሁ።»

«ወይ አላህ! እኔ ይኼን ጠርቼ እስክጨርስ ልጁ ሮጦ ጨፋ ይደርሳል!»

አባቴ ሳቀ። «መጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ኋላውን እናንተ እንዳላችሁ» አለ። ደስ እንዳለው አየሁ። በፊትም እንደሚወደው ገምቼ ነበር።

እናቴ ግን ወደ ምስሯ አልተመለሰችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከድጃስ?»

«ከድጃ ምን ሆነች?»

«እንዴት ብላ ትጠራዋለች? ስሙ ላይ አባትሽ ተቀምጧል እኮ።»

«ትልመደዋ! እስከ መቼ ባለሚዛኑ ባለሚዛኑ ስትል ትኖራለች? በልጇ ይለቃት!»

አባቴ ሳቁን አቆመ። «እሱን ራሷን ጠይቋት» አለ።

ገባሁ። ከድጃ ልጁን እያጠባች ነበር። በሩ ላይ እንደቆምኩ ስሙን ነገርኳትና «ያምራል አይደል?» አልኳት።

ወደ ልጁ አየች። «ማሻአላህ» አለች። «ያምራል እታለም።»

ወጥቼ «ወዳዋለች» አልኩ። ይህን ጥያቄ ብላችሁ አትቁጠሩት። እኔም ዛሬ አልቆጥረውም።

በሰባተኛው ቀን በግ ታረደ፣ የልጁ ፀጉር ተላጨ፣ ሰው ተሰበሰበ። የሰፈራችን ሼህ ስሙን ከእኔ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ አንብበው ሦስተኛውን በጆሮው ተናገሩ። ሰው ሁሉ «አሚን» አለና ወዲያው ስሙን አፉ ውስጥ ያመላልሰው ጀመር። አንዷ ጎረቤታችን «ይኼ ልጅ ሲያድግ መታወቂያው ላይ ፎቶው የት ሊለጠፍ ነው?» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። እኔ ኩራት ኩራት ብሎኛል። ከድጃ ጥግ ላይ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ማንም ወደ እሷ አላየም።

በስምንተኛው ቀን ልብ አልኩ። «ኢልመ ኮ» ነው የምትለው፤ ልጄ ማለት ነው። ሲያለቅስ ኢልመ ኮ፣ ሲተኛ ኢልመ ኮ። ስሙን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ነደደኝ። ለስሙ የደከምኩትን የናቀችብኝ መሰለኝ።

«እስቲ ጥሪው» አልኳት።

ፈገግ አለች።

«አልቀለድኩም ከድጃ። ጥሪው። አብዱል፣ በይ። አብዱል።»

ሻርፗን ወደ አፏ ሳበችው። «ተይኝ እታለም፣ አፈር ስሆን።»

«አማትሽ እዚህ የለም! ማን ይሰማሻል? ነገ ትምህርት ቤት ስታስገቢው ምን ልትይ ነው? ያ ቀዩ ልጅ ልትይው ነው?»

ዓይኗ ሞላ። እኔም የሰውን ዓይን አይቼ የምመለስ አልነበርኩም።

«ልጇን በስሙ የማትጠራ እናት ዛሬ ገና አየሁ!» ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን አባቴ ማሽላውን ሊያይ ጨፋ ወረደ። እናቴ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበረባት። ከከድጃ ጋር መቆየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አራስ ብቻዋን አትተውም። እኔ ግን ስሙን ላስመዘግብ ቀበሌ ሄድኩ። ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የሚሰርቁብኝ ይመስል። ስልኬ ባትሪው ሊያልቅ ነበር፤ መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። «አሁን እመጣለሁ» አልኳት። ልጁ ጠዋት ጡት እምቢ ብሎ እንደነበር ነግራኛለች። «ጠግቦ ይሆናል» አልኳት። በቃ። ይህን ብዬ ነው የወጣሁት።

ቀበሌ ሰልፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢዋ ወረቀቴን ገለባበጠችና «እናቲቱ ራሷ መጥታ ትናገር» አለችኝ። ተከራከርኩ። አራስ መሆኗን ነገርኳት። «ስትወጣ ትምጣ» አለች። እየተነጫነጭኩ ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ቤቱ ባዶ ነው።

ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ አለች። «የት ነበርሽ አንቺ? ልጁ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ሲነኩት እሳት ነው። በባጃጅ ሐኪም ቤት ሄደች።»

«ብቻዋን?»

«ከማን ጋር ትሂድ?»

«የትኛው ሐኪም ቤት?»

«እኔ እንጃ። ሐኪም ቤት ነው ያለችው።»

ስልኬ ጠፍቷል። ሮጥኩ። ባጃጅ አገኘሁና መጀመሪያ ትልቁ ሐኪም ቤት ደረስኩ። ካርድ ክፍሉ ፊት ሰው ተኮልኩሏል። ገፍቼ ገባሁ። መስኮቱ ውስጥ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ሰውዬ ተቀምጠዋል።

«አብዱልሙቅተዲር የሚባል ሕፃን መጥቷል?»

«ማን አልሽ የኔ ልጅ?»

«አብዱልሙቅተዲር! አብዱል፣ ሙቅተዲር! የዘጠኝ ቀን ልጅ ነው።»

መዝገቡን በጣታቸው ወረዱ። «እንዲህ የሚል የለም። የዘጠኝ ቀን ልጅ አንድ አለ፤ ቦሩ ነው የሚለው። እናትየው—»

«ቦሩ አላልኩም!»

«ቆይ እንጂ፣ አባቱ—»

«የእኛ አይደለም አልኩ እኮ! የእኛ አብዱልሙቅተዲር ነው!»

ይህን ብዬ ዞርኩ። ሰውዬው ከመስኮቱ ውስጥ ሆነው «አንቺ ልጅ!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዞሬ አላየሁም። እንዲያውም እየወጣሁ በልቤ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ደፍሬ ካልነገርኳችሁ ይህ ጽሑፍ ዋጋ የለውም። «ቦሩ! እስካሁን እንዲህ ያለ የገጠር ስም የሚያወጣ አለ?» ነው ያልኩት።

ከዚያ የግል ክሊኒኮቹን ዞርኩ። አንደኛው ጋ የለም። ሁለተኛው ጋ ወረፋ የያዙ እናቶችን አንድ በአንድ ሻርፓቸውን እየገለጥኩ አየሁ። አንዷ እጄን መታችኝ። ሦስተኛው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ስሙን ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ወረቀት ላይ ጽፋ «እንዴት ያምራል!» አለችኝ። የመጀመሪያዋ ነበረች ስሙን ያደነቀችልኝ።

ውጪ ስወጣ ሦስቴ ባጃጁን አቁሞ አየኝ።

«ሰዓዳ፣ ምን ሆነሻል? ግቢ፣ ግቢ።»

«ስልክ መሰኪያ አለህ?»

ሰካልኝ። እስኪበራ ድረስ ስክሪኑን በአውራ ጣቴ ስጠርግ ነበር። ሲበራ የአስራ አራት ጥሪ መልእክት ወጣ። ሁሉም ከከድጃ። ደወልኩ። ያነሳችው እሷ አይደለችም።

«የቦሩ ቤተሰብ ነሽ?» አለችኝ ድምጿ የደከመ ሴት።

«አይ፣ እኔ የ…»

«እናቱ ከድጃ ትባላለች። ልጁ ወደ ደሴ መሄድ አለበት። አምቡላንሱ ቆሟል። የት ነው ያላችሁት እናንተ?»

ሦስቴ እንዴት እንደነዳ አላስታውስም። የማስታውሰው «ቦሩ ማነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ዝም ብለህ ንዳ» ማለቴን ነው።

ከድጃ በአምቡላንሱ በር ላይ ቆማለች። ያቆማት የተደገፈችው የመኪናው ጎን ነው። ቀሚሷ ከበስተኋላዋ ደም ነክቶታል። ልጁን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። ስታየኝ አልተቆጣችም። «መጣሽ እታለም?» ብቻ አለች።

ስልኩን ያነሳችው ነርስ ግን ተቆጣች። «አራስ ናት፣ ደም ይፈስሳታል፣ መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ብቻዋን አንልክም ብለን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅናችሁ!»

ካርዱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ቦሩ ጀማል» ይላል። የአያት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

መንገዱን ታውቁት ይሆናል። ከከሚሴ ወጥቶ ቦርከናን እየተከተለ ወደ ሀርቡ ይሄዳል። ማሽላው እሸት ሆኖ ነበር። እኔ ከድጃን ከጀርባዋ አቅፌ ይዤያለሁ፣ ነርሷ ከፊታችን ተንበርክካ የልጁን ደረት ታያለች። ከድጃ ጎንበስ ብላ ትጠራዋለች። «ቦሩ። ቦሩ ኮ። ቦሩ።» በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልሰማሁትን ድምፅ ነው የሰማሁት። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ልጇን ስትጠራ ድምጿ እንዲህ ሙሉ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«ቦሩ ማነው ከድጃ?» አልኳት በጆሮዋ።

ሳትዞር መለሰችልኝ። «ያሳደገኝ አያቴ ነው። ስሙን ሲጠይቁኝ አፌ እምቢ አለኝ እታለም። አልዋሸሁም። ቤትም እንደዚያ ነው የምለው፣ ሰው ሳይኖር። እሱም ያውቀዋል። ሲሰማው ዞር ይላል።»

እውነት ነው። አየሁት። ዓይኑ ተከድኖ «ቦሩ» ስትለው ጉንጩ ወደ ድምጿ ሊዞር ሞከረ።

ሀርቡ ሳንደርስ ነርሷ ጆሮ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሰዓቷን አየች። ቱቦውን ቀስ ብላ ስታወጣው ገባኝ። ከድጃ አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ትታዋለች። መጥራቷን ቀጠለች። ነርሷ የሾፌሩን መስኮት አንኳኳች። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ዳር ያዘ፣ ዞረ። ሲዞር ነው ከድጃ ዝም ያለችው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ሾፌሩ እንኳ እንዲሰማ አድርጋ።

ገና በር ላይ ሳለን ስልኬ ጠራ። ጀማል ነው። ማንም አልነገረውም። ሲስቅ ይሰማኛል።

«ሰዓዳ! ዛሬ ሥራ ቦታ ስሙን ሳስተዋውቅ ነው የዋልኩት፤ ወላሂ ሁሉም ምላሱ ታሰረ! አብዱልሙቅተዲር እንዴት ነው?»

ነገርኩት። እንዴት እንደነገርኩት አልጽፍም። ሳቁ መሃል ላይ ሲቆም የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አባቴ ከጨፋ ሲደርስ ጫማው ጭቃ ነበር። ሕፃኑ ታጥቦ በነጭ ተጠቅልሎ ነበር፤ አንድ ክንድ የማይሞላ። ወንዶቹ ግቢ ተሰብስበዋል፣ ሼሁ ቆመዋል። አባቴ ግን መጀመሪያ ከድጃ ወዳለችበት ክፍል ገባ። እናቴ ይዛታለች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ካርዱን ከእጄ ተቀብሎ አየው። ንባቡ አዝጋሚ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል በከንፈሩ አለፈው። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከድጃ፣ ልጄ» አላት። «ምን እያልሽ ነበር የምትጠሪው?»

ራሷን ወደ መሬት ደፋች።

«ቦሩ ነው የምትለው» አልኩ እኔ።

«አንቺን አልጠየቅኩም» አለኝ። አባቴ እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ከእሷ ጋር እኩል ሆነ። «ስሜ አፍሽ ላይ ድንጋይ ሆኖብሻል ለካ። አላየሁም። ከዛሬ ጀምሮ ፈትቼሻለሁ። አብዱ በይኝ። ምንም አይልሽም፣ አላህም አይጠይቅሽም።»

ከድጃ ቀና ብላ አየችው። «ቦሩ» አለችው። «ቦሩ ነበር አባባ።»

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ሼሁን «ዱዓው ላይ ቦሩ በሉልኝ» ሲላቸው ሰማሁ። ሼሁ አልተከራከሩም። «እናቱ በጠራችው ይጠራል» አሉ። ወንዶቹ ይዘውት ወጡ። ሴቶቹ ቀረን። የአስር ሶላት ሳይደርስ ተመለሱ።

ነርሷን በሳምንቱ ካርድ ለመመለስ ሄጄ አገኘኋት። ደሙ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን እንደነበር፣ እንዲህ ትንንሽ ሲሆኑ ቶሎ እንደሚጥላቸው ነገረችኝ። «ደሴ ደርሶም ላይተርፍ ይችል ነበር» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ነው። ላይተርፍ ይችል ነበር። እኔ ይህቺን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ይዤያት እዞራለሁ። ሊተርፍም ይችል ነበር ማለት ነው።

ከድጃ አራስነቷን ልጅ ሳይኖራት ጨረሰች። ጡቷ ይፈስሳል፤ ጨርቅ እቀይርላታለሁ። ልብሷን አጥባለሁ፣ ገንፎዋን አቀርባለሁ፣ ከክፍሉ አልወጣም። ያ እሾህ እንዴት እንደወጣ እንጃ፤ ቁጭ ማለት ቻልኩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፀጉሯን ስሠራላት እጄን ያዘችኝ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ያን ቀን ተቆጥተሽኝ ስትወጪ በሩን ዘጋሁት። ያልሽው አሳፈረኝ። ልጇን በስሙ የማትጠራ እናት ያልሽኝ። በጆሮው ጠራሁት። ሙሉውን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሹክሹክታ።» ቆመች። «በማግስቱ ጡት አልያዝ አለ።»

እጄ ፀጉሯ ላይ ቀረ። «ከድጃ፣ በዚህ አይደለም። ኢንፌክሽን ነው። ነርሷ ነግራኛለች። ሥጋ ነው፣ በሽታ ነው፣ ስም ሰው አይገድልም!»

«አውቃለሁ» አለች። «ሐኪም ቤት እያለን ለኔም ነግራኛለች።»

«እና?»

«አውቃለሁ እታለም።»

ይህን ስትል መዳፏ አፏ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ ያስባልኩሽ። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፣ በእኔ ላይ አድርጊው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ትበል አይሆንም ትበል አላወቅኩም። እስካሁንም አላውቅም። ይህን ስጽፍ አስፈቅጃታለሁ። «ጻፊው» አለችኝ፤ «የእሱንም ስም ጻፊው።»

እናንተ የምታነቡኝ፣ ረዥም ስም አታውጡ ልላችሁ አይደለም። የምራትን ልማድ ላሞግስም አይደለም፤ እኔ ዛሬም ልማዱን አልወደውም፣ ለአባቴም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የማልወደውን ነገር ከሰው አፍ ላይ በጉልበት ላነሳ ሞከርኩ፤ ያነሳሁትን ደግሞ በዘጠኝ ቀን ልጅ ላይ ጫንኩት። ስሙን ስመርጥ ያሰብኩት የሚሰማውን ሰው ነው፤ መዝጋቢዋን፣ መምህሩን፣ ጎረቤቱን፣ ጀማልን፣ ራሴን። ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲያተኩሰው፣ በር ላይ ቆማ «የልጅሽ ስም ማነው?» ስትባል የምትጠራውን አንዲቷን ሴት አላሰብኩም።

ከበር ላይ «ያምራል አይደል?» አልኳት እንጂ፣ ገብቼ አጠገቧ ተቀምጬ «አንቺስ ምን ልትይው ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ስድስት ቀን ነበረኝ።